ትችት ሲደርስዎ፦ የታየውን፣ የተፈረደውንና የታዘዘውን መለየት

«ይህ ሪፖርት ግራ ያጋባል። በደንብ አላሰብሽበትም። ሠንጠረዦቹን አውጪና በሁለት ገጽ ጨርሺው።»

ሥራ ባለበት ሁሉ የሚሰማ ተራ ትችት ነው። አጭር ቢሆንም ሦስት ዓይነት ነገር ተሸክሟል። መጀመሪያ ተናጋሪው የገጠመውን ይናገራል፤ ሲያነብ ግራ ተጋብቷል። ቀጥሎ ይፈርዳል፤ ግራ የተጋባበትን ምክንያት ገምቶ ጥፋቱን ጸሐፊዋ ላይ ያደርጋል። በመጨረሻ ያዛል፤ ይስተካከልበታል ያለውን መንገድ ይነግራታል።

እነዚህ ሦስቱ እኩል አይታመኑም። ስለ ገጠመው ነገር ከራሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግራ ገባኝ ካለ ገብቶታል፤ «አይገባህም ነበር» ተብሎ አይሞገትም። ምክንያቱን ግን በግምት ነው የሚናገረው፤ ጸሐፊዋ ስታስብም ሳታስብም አላያትም። ትእዛዙ ደግሞ በዚያ ግምት ላይ የተደረበ ሌላ ግምት ስለሆነ ከሦስቱ ደካማው እሱ ነው። ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው የሚያመውን ቦታ በጣቱ ሲያሳይ አዋቂው እሱ ነው። «ኩላሊቴ ስለሆነ ይህን መድኃኒት ይዘዙልኝ» ሲል ግን ሐኪሙ ሕመሙን ይመዘግብና ምርመራውን ራሱ ይጀምራል።

ትችት ሲደርሰን አብዛኞቻችን የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ወይ ፍርዱን («አላሰብሽበትም») ይዘን ሌሊቱን ስንገላበጥ እናድራለን፣ ወይ ትእዛዙን እንዳለ ፈጽመን «ያልከውን አድርጌያለሁ» እንላለን። በሁለቱም መንገድ ያቺ የታመነችው ቁራጭ፣ አንባቢው ግራ የገባው ቦታ፣ ሳትነካ ትቀራለች።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ትችት ሲሰማ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ፊት ይግላል፣ አፍ ለመመለስ ይቸኩላል። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው የሚሰማው ግማሹን ነው። መልሱን እያዘጋጀ ስለሆነ የተነገረው ላይ ሳይሆን የሚናገረው ላይ ነው ያለው። ስለዚህ በዚያች ደቂቃ የሚሰጥ መልስ፣ ትሑት ቢሆንም ቁጡ ቢሆንም፣ ጥሩ መልስ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው።

የሚሻለው መጻፍ ነው። ቃል በቃል። «ሪፖርቱን አልወደደውም» ብለው ከጻፉ የጻፉት የራስዎን ትርጉም ነው፤ «ግራ ያጋባል» ብሎ ከሆነ «ግራ ያጋባል» ብለው ይጻፉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ማታ ሲያነቡት ግን አንደኛው ስለ ሰው ስሜት፣ ሌላው ስለ ወረቀት ይነግርዎታል። መጻፍ እጅን ሥራ ያስይዛል፣ ለተቺውም እየተደመጠ መሆኑን ያሳያል። ወረቀት ከሌለ የሰሙትን መልሰው ይናገሩ፦ «በትክክል ሰምቼ እንደሆነ፣ ያስቸገርዎት ሦስተኛው ገጽ ነው።» ተቺው ያኔውኑ ያርማል ወይም ያጸናል።

ስሜትን ደብቆ መቀመጥ መፍትሔ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄምስ ግሮስ እና ሮበርት ሌቨንሰን በ1990ዎቹ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ ስሜታቸውን ፊታቸው ላይ እንዳያሳዩ የተነገራቸው ሰዎች ከውጭ ሲታዩ የተረጋጉ መሰሉ፤ ከውስጥ ግን ልባቸውና የደም ሥሮቻቸው ይበልጥ ተጨነቁ። በ2007 የማቲው ሊበርማን ቡድን ያሳተመው ጥናት ደግሞ ሌላ አቅጣጫ ያሳያል፤ ሰዎች ያዩትን ስሜት በቃል ሲሰይሙት፣ አሚግዳላ የተባለው ከሥጋትና ከስሜት ጋር የሚያያዝ የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴው ቀነሰ። ይህን ሥራ ላይ ማዋል ቀላል ነው። በማስታወሻው ጥግ ላይ አንድ ቃል ይጻፉ፤ «አፈርኩ»፣ «ተናደድኩ»፣ «ፈራሁ»። ለማንም አይነበብም። ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሱ።

እዚህ ላይ «እሺ» ስለምትባለው ቃል አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በአማርኛ «እሺ» ማለት «ሰምቻለሁ» ነው፤ «ተስማምቻለሁ»ም ነው። ተተቺው በመጀመሪያው ትርጉም ይናገራታል፣ ተቺው በሁለተኛው ይሰማታል፤ ከሳምንት በኋላ «እሺ ብለሽ አልነበረም ወይ?» የሚል ጠብ ይነሣል። በባዶ «እሺ» ፋንታ ሁለቱን ለይቶ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ቢለመድ ይሻላል፦ «ሰምቻለሁ፣ ጽፌዋለሁ። አይቼው ነገ ከሰዓት በፊት መልስ እሰጥዎታለሁ።» መስማት እዚያ አለ፣ ቀጠሮ እዚያ አለ፤ ስምምነት ግን ገና አልተሰጠም።

ዓይን ከሥራው ላይ ሲነሣ

አስተያየት ሁልጊዜ ይጠቅማል የሚለው እምነት በጥናት ሲፈተን እንዳለ አልቆመም። በ1996 አቭራሃም ክሉገር እና አንጀሎ ዴኒሲ ከዚያ በፊት የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው 607 ውጤቶችን በአንድ ላይ መዘኑ። በአማካይ አስተያየት የተሰጣቸው ሰዎች ሥራቸው ተሻሽሏል። ነገር ግን ከሦስት አንድ በሚበልጡት ውጤቶች ላይ ሥራቸው ከቀድሞው ወረደ። የሰጡት ማብራሪያ ለዚህ ጽሑፍ ዋና ነው፦ አስተያየቱ የሰውየውን ትኩረት ከሥራው ወደ ራሱ ማንነት በወሰደው መጠን ጥቅሙ ይቀንሳል። «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» የሚለው ጥያቄ «ይህ ሠንጠረዥ ምን ጎደለው?» የሚለውን ቦታ ይቀማዋል። ከመጠን ያለፈ ሙገሳም ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል።

ተቺው ትኩረትዎን ወደ ማንነትዎ ቢወስደውም ወደ ሥራው መልሶ ማምጣት በእጅዎ ነው። «ቸልተኛ ነህ» ላለ ሰው «አይደለሁም» ብሎ መመለስ ክርክሩን እዚያው ማንነት ላይ ያቆየዋል፤ «ይቅርታ፣ አዎ እንዲህ ነኝ» ማለትም እንደዚያው። የሚሠራው «እንደዚያ ያስባለህ የቅርብ ጊዜው ነገር የቱ ነው?» የሚለው ነው። መልሱ «ማክሰኞ የላክኸው ደብዳቤ ላይ የደንበኛው ስም ተሳስቷል» ከሆነ፣ ከጸባይ ወደ ደብዳቤ ተመልሰናል። ደብዳቤ ይታረማል።

ወረቀቱን በሦስት ማጠፍ

ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስ። አንድ ወረቀት በቁመቱ በሦስት ይታጠፍ፤ ዓምዶቹ «የታየ»፣ «የተፈረደ»፣ «የታዘዘ» ይባሉ። የሪፖርቱ ትችት ሲከፋፈል ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓምድ ወዲያው ይሞላሉ። የመጀመሪያው ውስጥ ያለው «ግራ ያጋባል» ብቻ ነው፤ የት እንደሆነ እንኳ አልተነገረም። ይህ የተለመደ ነው። ሰዎች ፍርድና ትእዛዝ ሲሰጡ ለጋስ፣ ያዩትን ሲናገሩ ቆጣቢ ናቸው። ቀጣዩ ሥራ ባዶውን ዓምድ በጥያቄ መሙላት ነው።

ጥያቄ ስንል ሁሉም ጥያቄ አይሠራም። «ለምን?» ቃሏ ንጹሕ ብትሆንም ጆሮ ላይ ስትደርስ ክስ ትመስላለች፤ «ለምን እንዲህ አሉ?» የተባለ ሰው ማስረዳት ትቶ መከላከል ይጀምራል። «የት»፣ «መቼ» እና «ምን» ይሻላሉ። «የት ቦታ ላይ ሲደርሱ ነው ግራ የገባዎት?» «እዚያ ቦታ ላይ ምን ጠብቀው ነው ያጡት?» «ምን ቢሆን ተስተካከለ ይላሉ?» የመጨረሻዋ ጥያቄ በተለይ ወርቅ ናት፤ መለኪያውን ከተቺው አፍ ታወጣለች። መለኪያ ሳይታወቅ የተስተካከለ ሥራ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ከሦስት ጥያቄ በላይ ግን አይብዛ፤ አራተኛው ላይ ተቺው ምርመራ ላይ የተቀመጠ ያህል ይሰማዋል።

ጸሐፊዋ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀች እንበል። አለቃዋ «ሦስተኛው ገጽ ላይ 40 በመቶ የሚል አየሁ፤ መጀመሪያ ላይ 52 ብለሽ ነበር» አላት። አሁን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሄዳ ስታይ 650 መጠይቆች ተልከው 500 ሰዎች መልሰዋል፤ ረክተናል ያሉት 260 ናቸው። የመጀመሪያው ገጽ 260ን ለ500 አካፍሎ 52 በመቶ ይላል፤ ሠንጠረዡ 260ን ለ650 አካፍሎ 40 በመቶ ይላል። ሁለቱም ስሌት ልክ ነው። የጎደለው መቶኛው ከምን ላይ እንደተሰላ የሚናገር አንድ መስመር ነው።

አሁን ሦስቱን ዓምዶች ጎን ለጎን ይመልከቱ። የታየው ልክ ነው፤ ሁለት የሚጋጩ ቁጥሮች ያየ አንባቢ ግራ መጋባት አለበት። ፍርዱ ስህተት ነው፤ ያሰበችበት ሥራ ነው። ትእዛዙ ጎጂ ነው፤ ሠንጠረዡ ቢወጣ 650 ሰው መጠየቁን የሚያሳየው ብቸኛ ማስረጃ አብሮ ይጠፋል፣ አንባቢው 52ን ይዞ ይሄዳል፣ ከአምስት ሰው ከአንድ የሚበልጠው እንዳልመለሰ ሳያውቅ። ትእዛዙን ዝም ብላ ብትፈጽም ትችቱ ጸጥ ይል ነበር፤ ሪፖርቱ ግን ይብስበት ነበር። በፍርዱ ተናዳ ትችቱን ብትጥለው ደግሞ ሁለቱ ቁጥሮች ለሚቀጥለው አንባቢ እንደተፋጠጡ ይጠብቁት ነበር።

አንዳንዴ ተቺው ሲጠየቅም ቦታውን ማሳየት ያቅተዋል፤ «አላውቅም፣ ብቻ የሆነ ነገር አለው» ይላል። ይህን ንቆ መተው አይገባም። ስሜቱ ልክ ሆኖ ቃል ያጣ ሰው ብዙ ነው። ምርጫ ቢሰጡት ይረዳዋል፦ ርዝመቱ ነው ወይስ ቅደም ተከተሉ? ጠቅላላው ነው ወይስ መጨረሻው? ወይም አብረውት ቁጭ ብለው ያንብቡና የት ቦታ እንደሚዘገይ፣ የት መልሶ እንደሚያነብ ይዩ። ዓይኑ ቃሉ ያልደረሰበትን ያሳያል።

መመዘን

ተለይቶ የተቀመጠው ሁሉ እኩል ክብደት የለውም። ሚዛን ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ተቺው ሥራውን አይቶታል ወይ የሚለው ነው፤ ርዕሱን ብቻ አንብቦ የተቸ ሰው ስለ ርዕሱ ብቻ ይታመናል። ቀጥሎ ሥራው የተሠራው ለእሱ ነው ወይ? ለተጠቃሚ መመሪያ ስትጽፉ፣ መሣሪያውን ነክቶት የማያውቅ ሰው «አልገባኝም» ማለቱ ከባለሙያ «ጥሩ ነው» ይበልጣል። ከዚያ ሌላስ ሰው ይህን ብሏል ወይ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አብረው ያወሩ ሦስት ሰዎች አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን የቀሰሩ ሁለት ሰዎች ግን ሁለት ናቸው።

ሁለት ተቺዎች ሲጋጩ ብዙ ሰው እፎይ ይላል። አንዱ «ረዘመ» ሌላው «አጠረ» ካለ፣ ይጣፋሉ ተብሎ ይታሰባል። ግን ትእዛዛቸውን ትተን የታያቸውን ብናነጻጽር፣ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ አንድ አንቀጽ ነው። አንዱ የሚያውቀው ነገር እዚያ ስለተደጋገመበት ሰለቸ፤ ሌላው የማያውቀው ነገር እዚያ ስለተዘለለበት ጠፋው። ማስረዘምም ማሳጠርም ያን አንቀጽ አያድነውም። ቅራኔያቸው የችግሩን አድራሻ ነው የነገረን።

የማይመዘን ነገር ደግሞ አለ፤ የተቺው አነጋገር። በክፉ አንደበት የተነገረ እውነት ውሸት አይሆንም። ለዚህ ከሕክምና ታሪክ የሚጠቀሰው የሐኪሙ የኢግናዝ ዜመልቫይስ ነገር ነው። በ1847 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል፣ አስከሬን መርምረው በቀጥታ ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚገቡ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ አደረገ። በሚያዝያ ወር ከ18 በመቶ በላይ የነበረው የወላዶች ሞት በሰኔ ወደ 2 በመቶ አካባቢ ወረደ። ብዙ ሐኪሞች ግን አልተቀበሉትም። ምክንያታቸው አንድ አልነበረም፤ ጀርም በሽታ ማምጣቱ ገና አልታወቀምና እሱም ለምን እንደሚሠራ በደንብ ማስረዳት አልቻለም፤ ሞት የሚያመጣው የእናንተው እጅ ነው መባልም ለሐኪም ከባድ ስድብ ነው። በኋላ በጻፋቸው ግልጽ ደብዳቤዎች እንቢ ያሉትን ነፍሰ ገዳይ እስከማለት ደረሰ፤ ያ ደግሞ ጆሯቸውን ይበልጥ ዘጋ። እዚህም ሦስት ነገር ተለይቶ ይታያል፦ የታየው (እጅ ሲታጠብ ሞት ይቀንሳል) ልክ፣ ማብራሪያው ጎዶሎ፣ ፍርዱ የሚያስቆጣ። ሰሚዎቹ በኋለኞቹ ሁለቱ ምክንያት የመጀመሪያውን ጣሉት።

በተቃራኒው ለስለስ ያለ ትችት ተንቆ ያልፋል። በምስጋና ጀምሮ በምስጋና የሚጨርስ ሰው መካከል ላይ ያስቀመጣት አንድ ዓረፍተ ነገር ዋናዋ ልትሆን ትችላለች፤ ሰሚው ግን ዳርና ዳሩን ይዞ ደስ ብሎት ይወጣል። ሚዛኑ ከሰው ሰው ይለያያል። ሁሌ የሚጮህ ሰው «ይህ ጥፋት ነው!» ሲል እና ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው «ምናልባት አንድ ጊዜ ብታዪው» ሲል፣ ሁለተኛው ሊከብድ ይችላል። በነገራችን ላይ «አስተያየት አለኝ» ብሎ የጀመረ ሰው ሊያመሰግን የመጣ እምብዛም አይደለም።

በሚዛን ላይ እኩል የሆነ ነገር ሲያጋጥም የሚለየው የሙከራ ዋጋ ነው። አሥር ደቂቃ የሚፈጅና ሊመለስ የሚችል ለውጥ ከሆነ፣ ባያምኑበትም ሞክሮ ማየት ከመከራከር ይረክሳል። ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ወይም የማይመለስ ከሆነ ግን ሌላ ምስክር እስኪገኝ መቆየት ተገቢ ነው።

መልስ መስጠት

ሲቀበሉ አጭር ይሁኑ። ምን ልክ እንደነበረ፣ ምን እንደተቀየረ፣ የት እንደሚገኝ፦ «ልክ ነዎት፣ ሁለቱ ቁጥሮች ይጋጩ ነበር። መቶኛው ከስንት ሰው እንደተሰላ 1ኛውና 3ኛው ገጽ ላይ ጽፌያለሁ።» የይቅርታ ብዛት ይጎዳል። አሥር ጊዜ ይቅርታ የጠየቀን ሰው ተቺው ማጽናናት ይጀምራል፤ የሚቀጥለውን ስህተት ሲያይ ያ ድካም ትዝ ስለሚለው ዝም ብሎ ያልፋል።

ምክንያት መስጠትም ቦታ አለው። መመዘኛው ቀላል ነው፤ ምክንያቱ ወደፊት የሚደረገውን ይቀይራል ወይ? «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ምንም አይቀይርም። «መረጃው የደረሰኝ ሐሙስ ማታ ነው፤ በሚቀጥለውም እስከ ሰኞ ካልደረሰኝ ለማመሳከር ጊዜ አይኖረኝም» ግን የሥራ ሐሳብ ነው። እሱም ቢሆን ከስህተቱ እውቅና በኋላ ይመጣል፤ ቀድሞ ከመጣ ሰበብ ተብሎ ይሰማል።

ከሁሉም የሚበዛው መልስ ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን መመለስ ነው፤ በደንብ የሚሠራው ሰውም ጥቂት ነው። ዘዴው የታየውን ተቀብሎ የታዘዘውን በሌላ መተካት ነው፦ «ግራ ያጋባዎት ቦታ እውነትም ያጋባል። ሠንጠረዡን ካወጣነው ግን ስንት ሰው እንዳልመለሰ የሚያሳይ ነገር አይኖረንም። ስለዚህ አቆይቼው ማብራሪያ ጨምሬበታለሁ፤ አሁን ይነበባል ወይ?» «ትክክል ነው፣ ግን…» ብሎ መጀመር ግን አይመከርም፤ «ግን» ከፊቷ ያለውን ሁሉ ትሰርዛለች። ነጥብ ያስቀምጡና አዲስ ዓረፍተ ነገር ይጀምሩ።

ሙሉ በሙሉ የማይቀበሉት ሲሆን ደግሞ ሦስት ነገር ይናገሩ፦ የተባለውን እንደተረዱት በራስዎ ቃል፣ ያልተቀበሉበትን ምክንያት፣ እና ምን ቢታይ ሐሳብዎን እንደሚቀይሩ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እሱ ከሌለ እንቢታው በር መዝጋት ነው፤ ካለ ግን ተቺው ማስረጃ ይዞ የሚመለስበት መንገድ ይኖረዋል።

አስተያየቶቹ ከአምስት ሲበልጡ በቃል መመለስ ይተው። ሳይንሳዊ መጽሔቶች ላይ ጽሑፍ የሚያሳትሙ ሰዎች ለገምጋሚዎች የሚጽፉት መልስ ጥሩ ቅርጽ አለው፤ ለማንኛውም ሥራ ይሆናል። እያንዳንዱ አስተያየት ቁጥር ይሰጠዋል፣ እንዳለ ይገለበጣል፣ ከሥሩ መልሱ ይጻፋል፣ ከመልሱ ጋር ለውጡ ያለበት ገጽና መስመር ይጠቀሳል። የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ሁለት አስተያየት በአንድ መልስ ይጠቀለልና አንዱ ሳይመለስ ይቀራል። ሁለተኛ፣ «ተስተካክሏል» ተብሎ የት እንደሆነ አይነገርም። ሦስተኛ፣ ከባዷ አስተያየት በዝምታ ትታለፋለች፤ ገምጋሚው ደግሞ መልሱን ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልገው እሷን ነው። ተቃራኒው ስህተትም አለ፤ የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ መለወጥ። የአምስት ሰው ትእዛዝ እንዳለ የተፈጸመበት ጽሑፍ የማንም አይሆንም።

ስለ ጊዜ፦ ቀላል እርማት በዚያው ቀን፤ ከባዱ በሁለት ወይም ሦስት የሥራ ቀን ውስጥ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ቀኑን ይናገሩ፤ ዝምታ እንደ ኩርፊያ ይተረጎማል።

በጽሑፍ የመጣ ትችት የራሱ ችግር አለው። በ2005 ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ የኢሜይል ላኪዎች ሽሙጣቸውና ቁም ነገራቸው ለተቀባዩ ይለያል ብለው የጠበቁት ወደ 78 በመቶ ያህሉን ነበር፤ ተቀባዮቹ በትክክል የለዩት 56 በመቶውን ነው፤ ይህ ደግሞ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ደረቅ የሆነ መልእክት ሲደርስ፣ ከመመለስዎ በፊት በሚወዱት ሰው ድምፅ አንድ ጊዜ ያንብቡት። ቃሉ ሳይለወጥ ስድቡ ከጠፋ፣ ቀድሞም አልነበረም ማለት ነው። ምልልሱ ሁለት ዙር ካለፈ ስልክ ይደውሉ። ሰው በተሰበሰበበት ከተተቹ ደግሞ እዚያው የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዝርዝሩ ለብቻ ይሁን።

ከታች የሚመጣ ትችት

የበታች ሰው ትችት ብዙ ጊዜ የጥያቄ ልብስ ለብሶ ይመጣል። መጋቢት 27 ቀን 1977 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በቴኔሪፍ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ጭጋግ ውስጥ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰው ሞተ። የኔዘርላንድሱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አውሮፕላን ለመነሣት ሲንደረደር የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አልወጣም ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ዋና አብራሪው በእርግጠኝነት ወጥቷል ብሎ መለሰና ጉዞው ቀጠለ። ያ ጥያቄ «አቁም» ማለት ነበር፤ የሥልጣን ርቀቱ ግን «አቁም» አላስባለውም። ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ አየር መንገዶች ሠራተኞቻቸውን፣ የበታቹ በግልጽ እንዲናገር፣ የበላዩም እንዲያደምጥ ማሠልጠን ጀመሩ።

በሥልጣን ላይ ላለ ሰው የሚተርፈው ልማድ አንድ ነው፦ ከበታች የመጣ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ሲሰማ፣ «አዎ» ከማለቱ በፊት «ምን አይተህ ነው?» ብሎ መጠየቅ።

ትችት ያልሆነው

ስለ ሥራው ምንም የማይናገር፣ ምሳሌ ሲጠየቅ ወደ ሌላ ስድብ የሚዞር፣ ስለ ትውልድ፣ ስለ ጾታ ወይም ስለ መልክ የሚያወራ ንግግር በሦስቱ ዓምዶች ሲከፈል የመጀመሪያው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ከእሱ የሚታረም ነገር ስለማይገኝ ልድከምበት ማለት ትርፍ የለውም። «ስለ ሥራው የሚሉት ካለ እሰማለሁ፤ በዚህ መልኩ ግን አልቀጥልም» ብሎ መነሣት ይቻላል። ከተደጋገመ ቀኑን፣ ቃሉንና የሰሙ ሰዎችን መዝግቦ ለሚመለከተው ማቅረብ ነው። ዓምዱ ባዶ መሆኑን የሚወስኑት ግን ከጠየቁ በኋላ እንጂ ከመጠየቅዎ በፊት አይደለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ

ለውጡ ከተደረገ በኋላ ተቺው ዘንድ መመለስ ያስፈልጋል። «አሁንስ እንዴት ነው?» ሰፊ ጥያቄ ስለሆነ «ጥሩ ነው» ከሚል የዘለለ መልስ አያመጣም። «ያን ጊዜ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመው ነበር፤ አሁን ሲያነቡት አልፈውት ሄዱ ወይ?» የሚለው ግን ይመለሳል።

ከሥራ ሥራ የሚመላለሰውን ለማየት መዝገብ ይረዳል። ቀን፣ የተባለው ቃል በቃል፣ የት ቦታ፣ ምን አደረግኩ። በሦስት ወር አንድ ጊዜ ሲገለጥ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች በተለያዩ ሥራዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ብለው ከተገኙ፣ ጥፋቱ ከሥራዎቹ ሳይሆን ከአሠራሩ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ያኔ «ለምን» የምትባለው ጥያቄ ቦታዋን ታገኛለች፤ ለተቺው ሳይሆን ለራስ ትቀርባለች። ቁጥሮቹ ለምን ይጋጫሉ? መቶኛው በሁለት ቦታ ስለሚሰላ። ለምን በሁለት ቦታ? ሠንጠረዡና ጽሑፉ በተለያየ ቀን ስለሚዘጋጁ። ለምንስ አይመሳከሩም? ለማመሳከሪያ የተያዘ ሰዓት ስለሌለ። የሚቀየረው እንግዲህ ይህ ነው፤ ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት ጽሑፉን ሳይሆን ቁጥሮቹን ብቻ የሚያይ ሌላ ሰው፣ ለሃያ ደቂቃ።